በጅማ ብርድ ዊግ የሚያበላሹ ስህተቶች

ስለ ዊግና ብርድ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ምክር አብዛኛው በረዶ ለሚጥልበት፣ ማሞቂያ የቤቱን አየር ለሚያደርቅበት አገር የተጻፈ ነው። «ፀጉሩ እንዳይደርቅ ቅባት ጨምሩ» ይላል። ጅማ ላይ ግን ብርዱ ሁለት ነው፦ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥቡ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ደረቁ። ብዙ ዊግ የሚበላሸው በእርጥቡ ነው።

ሳይደርቅ ማስቀመጥ። ሐምሌ ላይ ሸትቶ ፀጉር ቤት የሚመጣ ዊግ ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው። እሑድ ማታ ይታጠባል፣ ሰኞ ጠዋት በእጅ ሲነካ ደርቋል፣ ፌስታል ይገባና ቁም ሣጥን ውስጥ ይወረወራል። የደረቀው ፀጉሩ ነው፤ ካፑ፣ ማለትም ፀጉሩ የተሰፋበት የውስጥ ቆብ፣ ገና ነው! ውሃው ላስቲኩ ውስጥ፣ ጆሮ ጋ ባለው ድርብ ጨርቅና ፀጉሩ በተሰፋበት መስመር ላይ ተደብቆ ይቀራል። ፌስታሉ አየር ስለማያስገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፤ መጀመሪያ ሽታ፣ ከዚያ ሌሱ (ግንባር ላይ የሚያርፈው ስስ መረብ) ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ሽቶ ብትረጩበት ላብ እስኪነካው ብቻ ነው የሚደብቀው። በረኪናውንማ እባካችሁ ለነጭ ጨርቅ ተዉት፤ ሌሱንም ፀጉሩንም ይበላዋል።

እጥበቱ ጠዋት ይሁን፤ ማታ መብራት ከጠፋ ፎን የለም። ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉና በግማሽ አሸዋ በተሞላ የ2 ሊትር ሃይላንድ አንገት ላይ ስቀሉት። የስፖንጅ ጭንቅላት ለእርጥብ ዊግ አይሆንም፣ ካፑን ከውስጥ ይደፍነዋል። ፎኑን ቀዝቃዛው ላይ አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ካፑን በውስጥ በኩል 10 ደቂቃ ያህል ንፉት። በክረምት እስኪደርቅ 24 ሰዓት፣ ፀጉሩ ወፍራም ከሆነ እስከ 48 ሰዓት ጠብቁ። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ሶፍት ላስቲኩና ስፌቱ ላይ 10 ሰከንድ ተጫኑ፤ ሶፍቱ ከራሰ ገና ነው። ሲደርቅ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡት። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢትም አትጣሏት፣ አብራ ትቀመጥ።

ከሰል አጠገብ ማድረቅ። ቡና ሲፈላ «እግረ መንገዱን ይድረቅ» ብሎ ዊግ ምድጃው አጠገብ መስቀል የተለመደ ነው። ሰው ሠራሽ ፀጉር ፕላስቲክ መሆኑን አትርሱ። የከሰሉ ሙቀት ጫፉን ያኮማትረዋል፤ የተኮማተረውን ኮንዲሽነር አይመልሰውም፣ መቀስ ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ባይኮማተርም የዕጣኑን ጭስ ሰብስቦ ይይዛል። ፒያስትራም «ሙቀት ይችላል» ተብሎ ያልተጻፈበትን ሰው ሠራሽ አይንካ፤ የሚችለውንም ቢሆን ማሸጊያው ላይ ካለው ዲግሪ አታሳልፉ። መርካቶ «ሂውማን ሄር ነው» ተብሎ የተሸጠ ሁሉ ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ከሦስት አራት ቦታ አንድ አንድ ዘለላ ቆርጣችሁ ክብሪት ለኩሱበት፦ የሰው ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲታሽ ዱቄት ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሠራል።

ቅቤ ላይ ማጥለቅ። ብርድ ሲገባ አናት ላይ ቅቤ ማድረግን የሚከለክል የለም፤ ዊጉን በላዩ ማጥለቁ ነው ችግሩ። ቅቤው ካፑ ውስጥ ይሰርጋል፣ ዊጉን የሚይዘውን ማጣበቂያ (ግሉውን) ያላቅቃል፣ ሽታውም ከላስቲኩ በቀላሉ አይወጣም። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ በሻምፖ ታጠቡ። ከዚያም ከዊጉ ሥር የሚሆነው ሹሩባችሁ ከውስጥ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ጥብቅ ሹሩባ በክረምት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። እርጥብ ሹሩባ ላይ የዋለ ዊግ ትርፉ ማሳከክና ሽታ ነው፣ ሲብስም የራስ ቆዳ ፈንገስ።

ዝናብ የመታውን ወዲያው ማበጠር። ከባጃጅ ወርዳችሁ እንደደረሳችሁ ማበጠሪያ አታንሱ። እርጥብ ፀጉር ሲሳብ ይለጠጣል፣ ይበጠሳል፣ ከሥሩም ይነቀላል። ይድረቅ፣ ከዚያ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ላይ። የተጠቀለለው የሰው ፀጉር ብቻ ኮንዲሽነር ተቀብቶ በእርጥቡ ይበጠራል።

ኮንዲሽነር ሌሱ ላይ ማድረግ። ፀጉሩ የታሰረበት ቋጠሮ ይላላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ከመሀል ወደ ጫፍ ብቻ።

ግሉ ሳይደርቅ ሌሱን መለጠፍ። በእርጥብ አየር ግሉው ቶሎ አይደርቅም። በስሱ ቀቡትና ነጭነቱ ጠፍቶ መስተዋት እስኪመስል ታገሡ።

የሱፍ ስካርፍ። ይህ የታኅሣሥ ጉዳይ ነው። ደረቅ አየር ላይ ሱፍና ሰው ሠራሽ ፀጉር ሲፋተጉ ፀጉሩ ይቆማል፣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ማጅራቱ ጋ ደግሞ ተተብትቦ ይቋጠራል። የጃኬት ኮሌታና ሹራብም ያው ናቸው። ከስካርፉ ሥር የሳቲን ሻሽ አድርጉ፤ ረጅም ከሆነ በዝቅታ አስይዙት። ለቆመው ፀጉር 1 የሻይ ማንኪያ ኮንዲሽነር በ1 ኩባያ ውሃ በጥብጣችሁ በመርጫ በስሱ ንፉበት፤ ካፑን ሳያርስ፣ ጫፉ ላይ ብቻ።