ለብርድ ወራት የምግብ አሰራር መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ፤ ለራስም ለስጦታም

ባሕር ዳርን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሙቀቷ ነው። ኅዳር ሲገባ ግን ማታ ማታ ጋቢ ያስፈልጋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ትኩስ ነገር ያምረዋል፤ ሾርባ፣ አጥሚት፣ ገንፎ፣ እየተንተከተከ የሚቀርብ ሽሮ። ወቅቱ የስጦታም ነው። ገና አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ሠርጉ ይከተላል። ለሙሽሮች ከሌላ ብርጭቆና አንሶላ ይልቅ ጥሩ የምግብ አሰራር መጽሐፍ ብትሰጡ እመርጣለሁ። አመራረጡን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚቀበለውን ሰው ማድቤት አስቡ። ከዓመታት በፊት ለታላቅ እህቴ ፎቶው በጣም የሚያምር መጽሐፍ ገዝቼ ሰጠኋት። አብዛኞቹ ምግቦች ኦቨን የሚፈልጉ ነበሩ። እሷ ያላት ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ስቶቭና የከሰል ምድጃ ነው። መጽሐፉ እስካሁን ቡፌ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንድ ገጹን እንኳ ዘይት አልነካውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ኦቨን አላቸው ወይ፣ ብሌንደርስ፣ ለስንት ሰው ነው የሚያበስሉት ብላችሁ ጠይቁ።

መጽሐፍ መደብር ስትገቡ ሽፋኑንና ፎቶውን ለጊዜው ተዉት። በደንብ የምታውቁትን አንድ ምግብ ፈልጉና አንብቡት። እኔ ዶሮ ወጥ ካለው ቀድሜ እሱን ነው የምከፍተው። ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ይናገራል? መጀመሪያ ያለ ዘይት እንደሚቁላላ፣ ምን ሲመስል በርበሬው እንደሚገባ፣ ቁሌቱ እንዳያር ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገ እንደሚማሰል ጽፏል? «ሽንኩርቱን አቁላልተው በርበሬ ይጨምሩ» ብሎ ካለፈ መልሱት። የምታውቁትን ምግብ እንዲህ ከዘለለ፣ የማታውቁትን እንዴት ያስተምራችኋል?

ከውጭ የመጣ ወይም የተተረጎመ መጽሐፍ ከሆነ ከፍታን አስቡ። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 አካባቢ ላይ ነው። ውሃው እየተፍለቀለቀም ሙቀቱ ያነሰ ስለሆነ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። «ሽምብራውን 1 ሰዓት ቀቅሉ» ቢላችሁ እዚህ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ይረዳል። ኬክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጡ ቶሎ ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ መጨመር ነው። ስለ ከፍታ አንድ ገጽ እንኳ የጻፈ መጽሐፍ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

መለኪያውንም እዩ። የአሜሪካ መጽሐፍ «ካፕ» ሲል 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለቱ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ አይደለም። 350 ፋራናይት ደግሞ 175 ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በግራም የሚጽፍ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ዝርዝር ይዛችሁ ገበያውን በሐሳባችሁ ዙሩ። ሳልመን የተባለውን የውጭ ዓሣ የሚጠይቅ ሾርባ ብታዩ አትደንግጡ፤ የጣናው አምባዛ ሥጋው ጠንከር ስለሚል በእሱ ይሠራል። ሌላው የጣና ዓሣ ቀረሶ ከሆነ ቶሎ ስለሚበታተን መጨረሻ ላይ ይግባ። ለባስማቲ የተጻፈ የውሃ ልክም ለፎገራ ሩዝ ላይሆን ይችላል፤ በትንሹ ሞክሩት። ከ10 ምግብ 5ቱ እዚህ የማይገኝ ነገር የሚጠይቁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ጾሙንም አትርሱ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል፤ ብርዱና ጾሙ አብረው ናቸው። ለጿሚ ቤት ከሆነ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል የሚሠሩትን ቁጠሩ። የአትክልት ሾርባ የሚል ርዕስ ኖሮት በአጥንት መረቅ የሚጀምር ብዙ ነው። ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም ቤት ስላለ ጠይቁ። ለሙስሊም ወዳጅ ከሆነ ደግሞ የአሳማ ሥጋና አልኮል የሚገባባቸውን አጣሩ።

ጠረጴዛ ላይ ከፍታችሁ ልቀቁት። ራሱን የሚዘጋ መጽሐፍ ሊጥ በነካው እጅ አይያዝም። ፊደሉ ለእናቶች ዓይን ደቃቃ እንዳይሆንም እዩ።

ስትሰጡት ባዶውን አትስጡት። አንዱን ምግብ ቀድማችሁ ቤታችሁ ሠርታችሁ ሞክሩት። ከዚያ ገጹ ላይ ምልክት አድርጉና የሚያስፈልገውን ምስር ወይም ክክ፣ ትንሽ ኮረሪማም ጨምራችሁ አብራችሁ ጠቅልሉት። ለእህቴ ሁለተኛውን መጽሐፍ የሰጠኋት እንዲህ ነው። ግማሽ ኪሎ ምስር አብሬ አስቀመጥኩ። የምስር ሾርባው ገጽ ጠርዝ ላይም በእርሳስ «እትዬ፣ እዚህ ላይ 15 ደቂቃ ጨምሪ» ብዬ ጻፍኩላት።