በአንዲት ቢላ እንጨት ላይ ጌጥ እንዴት ይቀረጻል?

እንጨት ላይ ጌጥ ለመቅረጽ ሳጥን ሙሉ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዲት አጭር ቢላ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይበቃሉ። ሥራው ከእንጨቱ ገጽ ላይ ትንንሽ ፍንካቾችን እያነሱ መሄድ ነው። ጉድጓዶቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አንዱ ጎናቸው ብርሃን፣ ሌላው ጥላ ይይዛል፤ ጌጡ የሚታየውም በዚህ ነው። ደግሞ ሙዚየም ገብቶ የቀረ ጥበብ አይደለም። ማዳጋስካር ውስጥ ዛፊማኒሪ የሚባሉ ሕዝቦች የቤታቸውን በርና መስኮት በተደጋጋሚ ቅርጾች ያስጌጣሉ፤ የእንጨት ሥራ እውቀታቸው በ2008 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

መጀመሪያ እንጨት። ለስላሳ፣ ወጥና በደንብ የደረቀ ይሁን። ብዙ ቀራጮች ሊንደን የሚባለውን ዛፍ ይወዱታል፤ ቃጫው ደቃቅ ስለሆነ ቢላ አይታገልም። ሌላ እንጨት ከሆነ በጥፍራችሁ ተጫኑት። ትንሽ ምልክት ከያዘና ቃጫውን አቋርጣችሁ ስትቆርጡት ካልተፈረፈረ ይሆናል። ጉጥ ያለበትን ተዉት። በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ካለባችሁ አሁኑኑ አለስልሱና ብናኙን በደንብ ጥረጉ፤ የሚቀረው ብናኝ ስለት ይበላል። ከቀረጹ በኋላ ማለስለስ ግን የለም። የሾለውን ጠርዝ ሁሉ ያደነዝዘዋል፤ የሥራው ውበት ያለው ደግሞ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ቢላዋ ስለቷ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጫፏ ሹል፣ የማትተጣጠፍ ትሁን። በስብስብ የሚሸጡትን መሣሪያዎች እኔ አልመክርም። ገንዘቡን ለጥሩ መሳያ ድንጋይ አውሉት። ጎኗን ከድንጋዩ ወደ 10 ዲግሪ ብቻ አንስታችሁ ሁለቱንም ወገን እኩል ሳሉ። ከዚያ እንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ ላይ ጀርባዋን አስቀድማችሁ ጎትቷት። ስለቷ ከቀደመ ቆዳውን ትቆርጠዋለች። በደንብ መሳሏን የሚነግራችሁ እንጨቱ ነው፦ ቃጫውን አቋርጣ የቆረጠችው ገጽ ካብለጨለጨ ደርሳለች፤ ደብዝዞ ፀጉር ፀጉር ካለ ገና ናት። ስትቀርጹም በየመሃሉ ወደ ቆዳው ተመለሱ።

ንድፉን በቀጭን እርሳስ ስሩ። ለጅምሩ አንድ ረድፍ ሦስት ማዕዘን ይበቃል፤ ጎናቸው 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኛው ጀማሪ ቢላዋን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይወጋል። ከዚያ ፍንካቹ አልወጣ ሲለው በጫፏ ይፈለቅቃል። በፍጹም አትፈልቅቁ! ከሥሩ የተቀዳደደ ጉድጓድ የሚመጣው በዚህ ነው። ቢላዋ ከእንጨቱ ገጽ ጋር ወደ 65 ዲግሪ ማዘንበል አለባት፤ ጫፏ ወደ ሦስት ማዕዘኑ መሃል ይጠቁም። አንዱ ማዕዘን ላይ ጫፏን ብቻ አስገቡ። የጎኑ መሃል ላይ ስትደርሱ አጥልቁ። ወደ ሌላው ማዕዘን ስትቃረቡ እያነሳችሁ ውጡ። ሦስቱም ጎን እንዲህ ሲቆረጥ መስመሮቹ ከታች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ ፍንካቹም በራሱ ብድግ ይላል። ካልተነሳ አንዱ ቦታ አልደረሰም ማለት ነው። ያንኑ መስመር በዚያው ማዘንበል ድገሙት።

ማዘንበሉ እንዳይዋዥቅ የአውራ ጣታችሁ ጫፍና የሌባ ጣታችሁ አንጓ እንጨቱን ሳይለቁ ከቢላዋ ጋር ይንሸራተቱ። አውራ ጣትን ከእጅ ነጥሎ ፊት ለፊት መደገፍ አደገኛ ነው፤ ቢላዋ ስታመልጥ የምታገኘው እሱን ነው። ሌላው እጃችሁም ከቢላዋ መንገድ ላይ ይራቅ።

ሁለት ጉድጓዶች ሲጎራበቱ መሃላቸው ቀጭን ጠርዝ ይቀራል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ሦስት ማዕዘን ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትቆርጡት ከተነሳው ጉድጓድ አጠገብ ያለውን ጎን ይሁን። ውስጡ ያለው እንጨት ገና አልላላም፤ የቀሩት ቁረጦች ደግሞ ከቀጭኑ ጠርዝ የራቁ ይሆናሉ። ያን ጎን ለመጨረሻ ካቆያችሁት ግፊቱ ጠርዙን ሊገምሰው ይችላል።

ቃጫውንም ማየት አትርሱ። ቃጫውን አቋርጦ መቁረጥ ኃይል ይጠይቃል እንጂ መንገዱን ይጠብቃል። ከቃጫው ጋር ስትሄዱ ግን ቢላዋ እሱን ተከትላ ከመስመሩ ልትወጣ ትፈልጋለች። ስትጎትታችሁ አትከራከሯት፤ ቁሙ፣ እንጨቱን አዙሩና ከሌላው ጫፍ ኑ።

ረድፉ ሲለምድላችሁ ስድስት ቅጠል ያለውን አበባ ሞክሩ። በኮምፓስ ክብ ስሩ። ኮምፓሱን ሳታጠቡ ሳታሰፉ ክቡ ላይ እየተራመዳችሁ ምልክት አድርጉ፤ በትክክል ስድስት ጊዜ ይገባል። ከእያንዳንዱ ምልክት በዚያው ስፋት ቅስት ስትስሉ አበባው ይወጣል። እያንዳንዱ ቅጠል ሁለት ቁረጥ ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ሳትቆሙ ሳቡ፤ የቆማችሁበት ቦታ ሁሉ በቅስቱ ላይ ይታያል። ስድስቱም ቅጠል መሃል ላይ ስለሚገናኙ ጫፋቸውን በጣም ለስለስ አድርጋችሁ ጨርሱ።

የቀረውን እርሳስ በለስላሳ ላጲስ አጥፉና የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ተከምሮ ከቆየ ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።