ማሲንቆ፣ ጃዝና ብሉግራስ በአንድ መድረክ፦ አዘጋጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሲንቆ፣ ጃዝና ብሉግራስ አብረው ለሚሰሙበት ኮንሰርት ከዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1899 የተወለደው እዚያ ነው። «ዘ ሴልደም ሲን» የተባለው ስመ ጥር የብሉግራስ (በባንጆ፣ በቫዮሊንና በጊታር የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ባንድ በ1971 የተመሠረተው ከከተማዋ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ቤተዝዳ ነው። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረው በዚሁ አካባቢ ነው። ታዲያ በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ ማሲንቆና ሳክስፎን፣ ባለ ክሩ ባንጆም ጭምር ተከታትለው ቢሰሙ ምን ይገርማል?

እንዲህ ያለ ምሽት ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሙዚቀኞቹ አይደለም። አዘጋጁ ሁሉንም በአንድ ዓይን ስላያቸው ነው። እያንዳንዱ ሙዚቃ ከመድረክ የሚፈልገው ነገር የተለየ ነው። ይህን ቀድሞ ያልጠየቀ ሰው የፈለገውን ያህል ገንዘብ ቢያወጣ አይድንም።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሳውንድ ማዘጋጀት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የጃዝ ባንድ ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ይዞ ይመጣል። ለእያንዳንዱ የራሱ ማይክ ወይም ኬብል ይዘጋጅለታል። ሚዛኑን የሚያወጣው ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ነው።

ብሉግራስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በልማዱ ድራም የለውም። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ቫዮሊን፣ ጊታርና ትልቁ ቤዝ ናቸው። ብዙ ባንዶች በአንድ ማይክ ዙሪያ ተሰብስበው መጫወት ይወዳሉ። ተራው የደረሰ ወደ ማይኩ ይጠጋል፣ የጨረሰ ወደ ኋላ ይላል። ሚዛኑን የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው፣ በእግራቸው። ያ ማይክ ደግሞ ትንሹንም ድምፅ ይይዛል። ባለሙያው ለጃዙ እንዳደረገው ሞኒተሩን (ድምፁን ለሙዚቀኞቹ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ከፍ ካደረገው ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይይዝና አዳራሹ በፊድባክ ይጮሃል። ስለዚህ ሞኒተሩ ይቀነስ፣ ከተቻለም ይዘጋ። ከማይኩ ፊት ያለውን ስታንድና ኬብልም አንሱላቸው። መንቀሳቀሻ ካጡ ሙዚቃው ይታሰራል።

ማሲንቆ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተለበጠ ትንሽ ሣጥን። ከድራም አጠገብ ካስቀመጣችሁት አይሰማም። አዝማሪው እየተጫወተ ስለሚዘፍን አንድ ማይክ ለድምፁ፣ አንድ ትንሽ ማይክ ለማሲንቆው ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አዝማሪ በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚዘፍን ሰው አይደለም። ወደ ታዳሚው ይጠጋል፣ ለዚያች እናት ግጥም ይሰጣል፣ የዚህኛውን ሸሚዝ ያሞግሳል። ኬብል ካሰረው ግማሹ ጥበቡ ቀረ። ገመድ አልባ ማይክ ተከራዩለት። ወጪው ያዋጣል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁሉም ደውሉ። ስንት ናችሁ? ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ? ክራሩ የኤሌክትሪክ ነው ወይስ የእንጨቱ? መልሱን ጽፋችሁ ለሳውንድ ባለሙያው ስጡት። በዕለቱ ሳውንድ ቼክ ሲደረግ መጨረሻ ላይ የሚጫወተው ቡድን መጀመሪያ ይፈተሽ፣ መክፈቻው መጨረሻ ይሁን። ያኔ መድረኩ ለመጀመሪያው ባንድ እንደተዘጋጀ በሩ ይከፈታል።

ኃይለኛውን አስቀድሞ ለስላሳውን ማስከተል

አንድ ሰዓት ሙሉ ድራምና ትራምፔት የሰማ ጆሮ ወዲያው ማሲንቆ ቢሰጡት አይቀበልም። ሰውም በዚያ ሰዓት ጨዋታ ጀምሯል፣ ሕፃናቱም ይሯሯጣሉ። በለስላሳው ጀምሩ፣ ብሉግራሱን መሐል አድርጉ፣ በጃዙ ጨርሱ። ጭፈራውም በተፈጥሮው መጨረሻ ላይ ይደምቃል።

የመቃኛ ጊዜ አለመስጠት

ክራር ትዝታ ላይ ተቃኝቶ ባቲ አይጫወትም። ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ፕሮግራሙ ላይ ትዝታ፣ አንቺሆዬ፣ ከዚያ ተመልሶ ትዝታ ብሎ የደረደረ አዘጋጅ ተጫዋቹን በሕዝብ ፊት ያስጨንቃል። በቅኝት ቅኝታቸው አሰባስቧቸው። የባንጆ ተጫዋቾችም ቃና ሲቀይሩ እንዲሁ ጊዜ ይፈልጋሉ። ኮንሰርቱ ውጪ ከሆነ ደግሞ የዋሽንግተንን የበጋ (የሰመር) እርጥበት አትርሱ። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል።

መድረክ መሪውን ያለ ዝግጅት ማውጣት

«አሁን ደግሞ የባህል ዘፋኛችን!» ተብሎ አዝማሪው ያለ ስሙ ሲጠራ መስማት ያመኛል። የጃዙ ባንድ አባላት አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ፣ እሱ ግን ስም የለውም። ይህ ክብር መንፈግ ነው። የሁሉም ስም በትክክል ይጻፍ። የውጭ እንግዶቹ ስም እንዴት እንደሚጠራም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ ብሉግራስን «የጥንት የነጭ ገበሬዎች ሙዚቃ» ብሎ ማስተዋወቅ ነው። ጥንታዊ አይደለም። የኬንታኪው ቢል ሞንሮና ባንዱ ዛሬ የምናውቀውን ድምፅ የያዙት ኧርል ስክራግስ በ1945 ባንጆውን ይዞ ከተቀላቀላቸው በኋላ ነው። የነጭ ብቻም አይደለም። ባንጆ ሥሩ አፍሪካዊ ነው፤ በባርነት የተጋዙ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ከአገራቸው ያወቁትን መሣሪያ አሜሪካ ላይ እንደገና ሠሩት። ሞንሮም በወጣትነቱ አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለ ጥቁር ሙዚቀኛ ጋር በየጭፈራው ዝግጅት ተጫውቷል፣ ከእሱም ተምሯል። በእኛ በኩል ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አምጥቶታል። መድረክ መሪው ከእነዚህ አንዱን በሦስት አረፍተ ነገር ቢናገር ታዳሚው ሦስቱ ሙዚቃዎች ለምን አብረው እንደመጡ ይገባዋል። ከዚያ ይውረድ። የስፖንሰር ምስጋናና የማኅበሩ ሊቀመንበር ንግግር በሙዚቃው መሐል አይግባ።

ማጠቃለያውን ያለ ልምምድ «ሁላችሁም ውጡ» ማለት

ሐሳቡ ያማረ ነው፣ እኔም በጣም እወደዋለሁ። ያለ ዝግጅት ግን የምሽቱን ውበት በአምስት ደቂቃ ያፈርሰዋል።

መጀመሪያ ቅኝቱ። ትዝታ ሜጀር ይሻላል። አምስቱ ድምፆቹ የብሉግራስ ዜማዎች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ስለሆኑ ባንጆውም ቫዮሊኑም ወዲያው ይገባሉ። አንቺሆዬ ግን ከጊታሩ የተለመደ ኮርድ ጋር ቶሎ አይስማማም፤ ጊዜ ሲኖር ይሞከር። ሁለተኛ ቁልፉ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ዋና ድምፅ። የብሉግራስ ሰዎች ጂና ዲ ይመቻቸዋል። የጃዝ ነፊዎች ደግሞ ቢ ፍላትን ይመርጣሉ። ቴነር ሳክስፎን ከተጻፈለት ኖታ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ፣ ጂ ከተመረጠ ተጫዋቹ ኤ ላይ መጫወት አለበት። ይህን መድረክ ላይ ሳይሆን በስልክ ንገሩት።

ሦስተኛው ምቱ ነው። ችክችካ በስድስት ይቆጠራል። ብሉግራስ ደግሞ አብዛኛው በሁለት የሚሮጥ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትለቋቸው እግር ለእግር ይጠላለፋል። ግን ብሉግራስ ባለ ሦስት ምት ዋልትዝ በብዛት አለው። ከችክችካ ጋር የሚገናኘው በዚያ በኩል ነው፤ ሲገናኝም ያምራል።

ማን እንደሚጨርስም ይወሰን። በብሉግራስ መሪው እግሩን ካነሳ «የመጨረሻው ዙር ነው» ማለት ነው። የጃዝ ሰው አናቱን በእጁ ሲነካ «ወደ ዋናው ዜማ እንመለስ» ማለቱ ነው። አንዱ የሌላውን ምልክት ካላወቀ ዘፈኑ አያልቅም። ከየቡድኑ አንድ ወይም ሁለት ሰው መርጣችሁ አንድ ጊዜ ቢለማመዱ ይበቃል። አሥራ አምስት ሰው መድረክ ላይ አያስፈልግም።

ሰዓቱን አሻሚ አድርጎ መጻፍ

በአማርኛው ፖስተር «ከምሽቱ 12 ሰዓት»፣ በእንግሊዝኛው 6 ብሎ መጻፍ ሰው ያሳስታል። ሁለቱም ላይ «6 ፒኤም» ይባል። አዳራሹ በ10 ፒኤም የሚዘጋ ከሆነ ለሕዝባችን ማርፈድ ተብሎ የሚሸረፈው የመጨረሻው ባንድ ሰዓት ነው፣ ያ ደግሞ ግፍ ነው። በሰዓቱ ጀምሩ።

ሽልማትን እንደ ክፍያ መቁጠር

ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ደስ የሚል ልማዳችን ነው። ለማያውቁት እንግዶች ቀድማችሁ አስረዷቸው፣ ሲገጥማቸው አይደንግጡ። በአንድ ማይክ የሚጫወቱት መሐል ገብቶ መለጠፍ ግን ሙዚቃውን ያቋርጣል፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ሽልማቱ ከተስማማችሁበት ዋጋ አይቀነስም። «ለማኅበረሰቡ ነው እኮ» የሚለውም ሙዚቀኛው መሣሪያውን ጭኖ ከመጣ በኋላ የሚነገር ነገር አይደለም። በነፃ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁት፣ እምቢ የማለት ዕድልም ስጡት። ዋጋ ከተቆረጠ በጽሑፍ ይሁን። ገንዘቡንም መሣሪያቸውን ሳጥን ውስጥ ከትተው ሳይጨርሱ፣ በዚያው ምሽት ስጧቸው።