ሲሙሌሽኑ ያሳነሰው ውሃ፦ የቃሊቲው እርጥበት ማስወገጃ እንዴት ተስተካከለ

ቃሊቲ በሚገኘው መጋዘናችን የተተከለውን የአየር እርጥበት ማስወገጃ በሲሙሌሽን ሶፍትዌር (የመሣሪያን አሠራር በኮምፒውተር አስመስሎ በሚያሰላ ፕሮግራም) ስሠራው ስሌቱ ከእውነታው ጋር አልገጥም አለ። ከማቀዝቀዣው ሥር ባልዲ ደቅነን ስንለካ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ሶፍትዌሩ ከሚለው በሲሶ ያህል ይበልጣል።

መንስኤው የአየር ግፊቱ ነው። ሶፍትዌሩ ካልተነገረው በስተቀር የሚይዘው የባሕር ወለልን ግፊት፣ 101.325 ኪሎፓስካልን ነው፤ ቃሊቲ ግን ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ግፊቱ 78 ገደማ ነው። የሚገርመው፣ ግፊቱ ብቻ ሲቀየር ውሃው ይባስ ቀነሰ! የአየሩ ቅንብር የተሰላው በቀድሞው ግፊት ነበርና። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በ60 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት የእንፋሎቱ ከፊል ግፊት (ከጠቅላላው የአየር ግፊት ውስጥ የእንፋሎቱ ድርሻ) 1.9 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ለ101.325 ሲካፈል የውሃው የሞል ድርሻ (ከአየሩ ሞለኪውሎች ውስጥ የውሃው እጅ) 0.0188፣ ለ78 ሲካፈል ደግሞ 0.0244 ይሆናል።

አዲሱን ድርሻ አስገብቼ፣ አየሩን እስከ 8 ዲግሪ አቀዝቅዤ ጠብታውን በሴፓሬተር (በሶፍትዌሩ ውስጥ ፈሳሹን ከአየሩ በሚለየው ክፍል) ስለየው፣ ከአንድ ኪሎግራም ደረቅ አየር የሚወጣው ውሃ ከ5.2 ወደ 6.9 ግራም አደገ። ከባልዲው ልኬት ጋር ገጠመ።

የአየሩን ፍሰት በኪሎግራም አስገቡ። በሜትር ኪዩብ ከሆነ ግፊቱ በተለወጠ ቁጥር የአየሩም ክብደት አብሮ ይለወጣል፤ ንጽጽሩም ይፋለሳል።