ፖርተብል ብሮውዘር ስትጠቀሙ ልትተዉአቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖርተብል ብሮውዘር ማለት ኮምፒውተሩ ላይ ኢንስቶል ሳይደረግ ከፍላሽ ወይም ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ በቀጥታ የሚከፈት ብሮውዘር ነው፣ ቡክማርኩም ፓስወርዱም ኤክስቴንሽኑም አንድ ፎልደር ውስጥ አብሮት ይዞራል። በቃ ይሄው ነው። ግን አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ "እንግዲያው ማንም አያየኝም" ብሎ ይደመድማል፣ ሌላው ደግሞ ኢንስቶል እንደተደረገ ብሮውዘር እኩል እንዲፈጥንለት ይጠብቅና ሲንቀራፈፍበት ብሮውዘሩን ይራገማል። አብዛኛው ስህተት ከነዚህ ከሁለቱ ነው ሚመጣው። እዚህ ማወራው በብዛት ስለ ፋየርፎክስ ፖርተብል ነው፣ ክሮም ላይ ሚለይ ነገር ካለ እዛው እናገራለሁ።

ትልቁ ስህተት ፖርተብል ከሆነ ዱካ አይተውም ብሎ ማመን ነው። እውነት ነው፣ ሂስትሪውና ኩኪው ሚቀመጠው ፍላሹ ላይ ነው እንጂ የሰውየው ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ዊንዶውስ ግን የራሱን መዝገብ ይይዛል፦ የትኛው ፕሮግራም እንደተከፈተና መቼ እንደተከፈተ ፕሪፌች ሚባል ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፣ ምን አይነት ፍላሽ እንደተሰካ ሬጅስትሪው ውስጥ ይቀመጣል፣ የገባችሁባቸው ሳይቶች ስም የዲኤንኤስ ካሹ ውስጥ ለጊዜው ይቆያል፣ ራም ሲጠብ ደግሞ ከሚሞሪ ላይ የነበረ ነገር ፔጅ ፋይል ሚባል የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። የዋይፋዩ ባለቤትም ብሮውዘሩ ከየት እንደተከፈተ ግድ የለውም፣ የትኛው ሳይት ጋር እንደተገናኛችሁ ያው ማየት ይችላል። ፕራይቬት ዊንዶው ብትከፍቱም ይሄ አይቀየርም፣ እሱ ሚረዳው ፍላሹ ላይ ሂስትሪ እንዳይቀር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ኪሎገር፣ ማለትም ምትጽፉትን ሁሉ ሚመዘግብ ፕሮግራም፣ ካለ ደግሞ ምኑን ታደርጉታላችሁ፣ ብሮውዘሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር ኪቦርዱ ላይ የተጫናችሁት ፓስወርድ ይሄዳል። ስለዚህ በማታምኑት ማሽን ላይ የባንክ አካውንት አትክፈቱ፣ ፖርተብል ስለሆነ ሚለወጥ ነገር የለም።

ከዚሁ ጋር ሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዳውንሎድ ስታደርጉ ፋይሉ የት ነው ሚሄደው? ሴቲንጉን ካልነካችሁት ብዙ ጊዜ ሚገባው የኮምፒውተሩ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ነው፣ እናንተ ፍላሹን ነቅላችሁ ስትሄዱ ዶክመንታችሁ እዛው ይቀራል። ፍላሹ ላይ ቋሚ ፎልደር ልምረጥ ብትሉ ደግሞ ዛሬ ኢ ድራይቭ የነበረው ነገ ሌላ ማሽን ላይ ኤፍ ሆኖ ይመጣና አድራሻው ይበላሻል። ሚሻለው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሁልጊዜ የት ላስቀምጥ ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፣ ትንሽ ይሰለቻል ግን ይሰራል።

ፍጥነት ላይ ስንመጣ ዋናው ስህተት ፍላሹን እንደ ኤስኤስዲ መቁጠር ነው። ርካሽ ፍላሽ አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለበጥበት ደህና ሊሄድ ይችላል፣ ብሮውዘር ግን ሚጽፈው በጣም ብዙ ጥቃቅን ፋይል ነው፣ ርካሽ ፍላሽ የሚሞተው ደግሞ እዛ ላይ ነው። ዩኤስቢ 2 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 5 ጊጋቢት፣ ግን ፍላሹ ራሱ ትንንሽ ፋይል መጻፍ ካልቻለ ፖርቱ ሰማያዊ (ዩኤስቢ 3) ሆነም አልሆነም ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ማስተካከያው ብሮውዘሩ ፍላሹ ላይ ሚጽፈውን ነገር መቀነስ ነው። አድራሻ መጻፊያው ላይ አባውት ኮንፊግ (about:config) ብላችሁ ግቡ፣ ማስጠንቀቂያውን እለፉት፣ ከዛ ብሮውዘር ዶት ካሽ ዶት ዲስክ ዶት ኢኔብል (browser.cache.disk.enable) ሚለውን ፈልጋችሁ ፎልስ አድርጉት። በቃ ካሹ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ደግሞ እንዳያወርድ ከሳይቶች ላይ ሚያስቀረው ኮፒ፣ ራም ላይ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱ ፖርተብል ፓኬጅ ቀድሞ ሊያጠፋው ስለሚችል መጀመሪያ እዩት። መስራቱን ለማረጋገጥ ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱና አባውት ካሽ (about:cache) በሉ፣ ዲስክ ሚለው ክፍል ላይ ምንም ካልተቀመጠ ጨርሳችኋል። ዋጋው ብሮውዘሩን በከፈታችሁ ቁጥር ሳይቶቹ ምስላቸውን እንደ አዲስ ማውረዳቸው ነው፣ ዳታ ሚቆጥር ሰው ይሄን ያስብበት።

ሌላው ሴሽን ስቶር ነው። ፋየርፎክስ ድንገት ቢዘጋ ታቦቻችሁን ለመመለስ ብሎ በየ 15 ሰከንዱ ያለውን ሁኔታ ይጽፋል፣ አባውት ኮንፊግ ውስጥ ብሮውዘር ዶት ሴሽንስቶር ዶት ኢንተርቫል (browser.sessionstore.interval) ሚለው 15000 ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሚሊ ሰከንድ ነው። 60000 ብታደርጉት በደቂቃ አንዴ ይሆናል፣ ምናልባት ክራሽ ቢያደርግ የመጨረሻዋን ደቂቃ ታጣላችሁ፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ኪሳራ አይመስለኝም። ሰላሳ ታብ ከፍቶ ሚሰራ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል፣ ገጹ ስክሮል ሲደረግ መሀል ላይ ሚይዘው ያ የሚያናድድ መንተፋተፍ ይቀንሳል።

ግን እዚህ ጋ ደግሞ ሌላ ስህተት ይወለዳል፣ ያገኙትን የማፍጠኛ ሊስት ሁሉ መገልበጥ። እስካሁን ሰው ፓይፕላይኒንግ (መልስ ሳይጠብቁ ብዙ ሪኩዌስት ተከታትሎ መላክ) ኦን አድርጉ እያለ ይመክራል፣ ያ ነገር ፋየርፎክስ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የለም፣ በእጃችሁ ብትፈጥሩትም ሚያነበው ኮድ የለም፣ ሥራውን ኤችቲቲፒ 2 ተረክቦታል። ይሄስ ጉዳት የለውም፣ ዝም ብሎ ጊዜ ማባከን ነው። ጉዳት ያለው ራም ለመቆጠብ ብሎ ሳይቶችን በተለያየ ፕሮሰስ ሚለየውን ፊሽን ሚባለውን ማጥፋት ነው። አዎ ራም ይቀንሳል፣ ግን አንዱ ሳይት የሌላውን ሚሞሪ እንዳያይ ታስቦ የተሰራ ግድግዳ ነው ያፈረሳችሁት፣ በ2018 ይፋ የወጣው ስፔክተር ሚባለው የፕሮሰሰር ችግር ነው እንዲህ አይነቱን ግድግዳ አስፈላጊ ያደረገው። ራም ካነሰባችሁ ታብ ዝጉ፣ ሌላ ዘዴ አትፈልጉ።

ኤክስቴንሽን መደርደርም ያው ነው። ሁለት ሦስት ማስታወቂያ ማገጃ አንድ ላይ ሚጭን ሰው ጥበቃው ሚደመር ይመስለዋል፣ እያንዳንዱ ግን ያንኑ ሪኩዌስት ደግሞ ደጋግሞ ይፈትሻል፣ አንዱ ሳይት ሲሰበርባችሁ ደግሞ የትኛው እንደሰበረው ማወቅ ፈተና ነው። ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ብቻውን ይበቃል፣ ከብሮውዘሩ ከራሱ የትራኪንግ መከላከያ ጋር፣ እሱን ስትሪክት ላይ አድርጉት። ክሮም ላይ ግን ማኒፌስት 3 ሚባለው አዲሱ የኤክስቴንሽን ሕግ ከመጣ በኋላ ዋናው ዩብሎክ ኦሪጅን አይሰራም፣ ያለው ላይት ሚባለው አቅሙ ያነሰው ነው፣ እና ፕራይቬሲ ብሎ ፖርተብል ሚይዝ ሰው ለምን ክሮም እንደሚመርጥ አይገባኝም። ኤችቲቲፒኤስ ኤቭሪዌር ሚባለው ሳይቶችን በተመሰጠረ መስመር ሚያስከፍት ኤክስቴንሽን ያላችሁ አጥፉት፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ፋየርፎክስ ከ83ኛው ቨርዥን ማለትም ከ2020 ጀምሮ ኤችቲቲፒኤስ ኦንሊ ሚል የራሱ አማራጭ አለው። ሳይቶችን አትከታተሉኝ ብሎ ሚጠይቀውን ዱ ኖት ትራክንም እርሱት፣ ሳይቶች ሚያከብሩት ነገር አልነበረም፣ ፋየርፎክስም በ2025 ከሴቲንጉ አውጥቶታል።

ፊንገርፕሪንት (ሳይቶች በብሮውዘራችሁ ቅንብር እናንተን ለይተው ሚያውቁበት ዘዴ) እፈራለሁ ብሎ ሁሉን ነገር ሚጠመዝዝ ሰውም አለ፣ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፣ ማንም የሌለው አይነት ቅንብር ይዛችሁ ስትዞሩ እናንተን ከሰው መለየት ይቀላል። ሪዚስት ፊንገርፕሪንቲንግ ሚለውን ስታበሩ የሰዓት ክልላችሁን ለሳይቶች ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) አድርጎ ስለሚያሳይ ካላንደራችሁና ቻታችሁ ላይ ሰዓቱ ይዛባል፣ ከዛ ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ይደናገጣል። በእውነት መደበቅ ያለበት ሰው ፋየርፎክስን ሲነካካ ከሚውል ቶር ብሮውዘርን ይያዝ፣ እሱ ዊንዶውስ ላይ ሲጀመርም ፎልደር ሆኖ ከፍላሽ ላይ ሚከፈት ነው፣ ግን እሱ ላይ ደግሞ ኤክስቴንሽን አትጨምሩበት፣ ጥንካሬው ሁሉም ተጠቃሚ አንድ መምሰሉ ነው።

አሁን ፓስወርድ። ፋየርፎክስ ሴቭ ያደረጋችሁትን ሚያስቀምጠው ፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ ነው፣ ፍላሹን ያገኘ ሰው ብሮውዘሩን ከፍቶ ሴቲንግ ውስጥ ፓስወርዶች ሚለው ጋ ገብቶ አንድ በአንድ ማንበብ ይችላል። ፕራይመሪ ፓስወርድ ሚለውን ካላበራችሁ ፍላሻችሁ ቁልፉ ላዩ ላይ የተሰካ በር ነው። እሱን ብታበሩም ግን አልጨረሳችሁም፣ ኩኪው አይቆለፍማ! ሎግ አውት ሳታደርጉ የተዋችሁት ኢሜይል ያለ ምንም ፓስወርድ ይከፈታል። ስለዚህ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ኩኪ እንዲያጠፋ አድርጉ፣ ወይ ፍላሹን እንዳለ ኢንክሪፕት አድርጉት። ለዚህ ቬራክሪፕት ሚባለው ፕሮግራም ጥሩ ነው ግን ፖርተብል አድርጋችሁ ስታሄዱት የኮምፒውተሩን የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል፣ በሰው ማሽን ላይ ሁሌ አታገኙትም። የዊንዶውስ የራሱ መቆለፊያ ቢትሎከር ቱ ጎ ለመክፈት አድሚን አይፈልግም፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ለሚሰራ ሰው እሱ ይቀላል። ክሮም ደግሞ ፓስወርዱን ሚቆልፈው ከዊንዶውሱ የተጠቃሚ አካውንት ጋር አያይዞ ነው፣ ለዛ ነው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ሎግኢናችሁ ሁሉ ጠፍቶ ምታገኙት፣ ፍላሹ አልተበላሸም።

አፕዴት አለማድረግ በአጭሩ፦ ኢንስቶል የተደረገ ብሮውዘር ከጀርባ ራሱን ያድሳል፣ ብዙ ፖርተብሎች ግን እናንተን ይጠብቃሉ፣ መሳቢያ ውስጥ ስድስት ወር የተኛ ፍላሽ ማለት ስድስት ወር ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው። ገና ስትከፍቱት መጀመሪያ አባውት ፋየርፎክስ ሚለውን አይታችሁ አድሱት፣ ከዛ ነው ሳይት ሚከፈተው። አሮጌ ማሽን ላይ አዲሱ ቨርዥን እምቢ ካላችሁ ደግሞ ፍላሹን አትጠርጥሩ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ክሮም በ109 ነው ያበቃው፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ኢኤስአር (ለረጅም ጊዜ ሚደገፈው ቨርዥን) 115 ላይ። አውርዱ ስል ደግሞ ከፖርተብል አፕስ ሳይት ወይ ከዋናው አምራች እንጂ አንዱ እንደገና አሽጎ ከለቀቀው አይደለም፣ ብሮውዘር እኮ ፓስወርዳችሁን ሁሉ ሚያይ ፕሮግራም ነው።

የመጨረሻው ፍላሹን ዝም ብሎ መንቀል። መስኮቱን ኤክስ ስላላችሁት ብሮውዘሩ አልቋል ማለት አይደለም፣ ለተወሰነ ሰከንድ ሂስትሪና ቡክማርክ ያለበትን ፕሌስስ ሚባለውን ዳታቤዝ እየጻፈ ሊሆን ይችላል፣ የፍላሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለች ጠብቁ፣ ታስክ ማናጀር ውስጥ ስሙ መጥፋቱን እዩ፣ ከዛ ኢጀክት። ቸኩላችሁ ነቅላችሁ ቡክማርኩ ባዶ ሆኖ ከመጣም አትደንግጡ፣ ፕሮፋይሉ ውስጥ ቡክማርክ ባክአፕስ ሚባል ፎልደር አለ፣ ቀን የተጻፈባቸው ፋይሎች ታያላችሁ። ቡክማርክ ማናጀሩን ከፍታችሁ ኢምፖርት ኤንድ ባክአፕ ከዛ ሪስቶር ብላችሁ የቅርቡን ቀን ምረጡ፣ አሁን ያለውን እንደሚተካው ይጠይቃችኋል፣ እሺ በሉት። ባክአፕ በራሳችሁ መያዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ብሮውዘሩ ተዘግቶ እያለ ዳታ ሚለውን ፎልደር ብቻ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ሌላው ፋይል መቼም እንደገና ይወርዳል።