ከተማችንን በሐሳባችሁ ለምታሻሽሉ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

በየክረምቱ ለወጣቶች አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ፦ «ሰፈራችሁ ምን ቢለወጥ ይሻላል? ነድፋችሁ አምጡ።» የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይመጣሉ። እወዳቸዋለሁ፤ በዚያ ዕድሜ ስለ አዲስ አበባ ተጨንቆ ሌሊት የሚነድፍ ልጅ እንዴት አይወደድም? አንዳንዱን ስህተት ግን ከመጠን በላይ ስላየሁት ዘንድሮ ጽፌ ልሰጣቸው ወሰንኩ።

ከፎቶግራፍ መጀመር

የዱባይን ወይም የሲንጋፖርን ፎቶግራፍ ይዞ መጥቶ «እንደዚህ ይሁን» ማለት። ሁለቱም ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የእኛ ከተማ የተቆረቆረችው ተራራ ግርጌ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ የሚቀጥለው ስህተት የዚሁ ልጅ ነውና።

ዳገቱንና ውሃውን መርሳት

ወረቀት ሜዳ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ሜዳ አይደለችም። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ አቃቂ ሲወረድ ወደ 2,100 ሜትር ይጠጋል። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንተ ይቀጡ ሁሉም የሰሜኑን ተራራ ውሃ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የመጨረሻውን ስም ረጋ ብሎ ያነበበ ነዳፊ ሌላ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በጥር ወር፣ አንድ ወንዝ ዳር ማረፊያ ነደፍኩ። ወንዙ በድንጋዮች መካከል የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ነበር። ሦስት የድንጋይ መቀመጫዎችና ትንሽ የልጆች መጫወቻ ተሠሩ። በነሐሴ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት ማግስት ስሄድ የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጭቃና ፌስታል ለብሷል። የሰፈሩ አንድ እናት ከግንባቸው ላይ ያለውን የውሃ ምልክት አሳይተውኝ «በየክረምቱ እስከዚህ ይወጣል፤ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ። ጎርፉ የመጣው ሌሊት መሆኑን ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ቀን ቢሆን እዚያ ልጆች ይኖሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነሐሴ ያላየሁትን ቦታ አልነድፍም።

«ባዶ ቦታ» ብሎ መጻፍ

ይህን ስህተት ሳይ እቆጣለሁ፤ ቁጣዬንም አልደብቅም። ካርታው ላይ ሕንፃ የሌለበትን ሁሉ ነጭ አድርጎ ትቶ «ባዶ ቦታ» ብሎ መጻፍ በየዓመቱ የሚመጣ በሽታ ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ በሰፈሩ ባለች ሜዳ ላይ ፏፏቴ፣ ካፌና የመኪና ማቆሚያ ነድፎ አመጣ። ሥዕሉ ያምር ነበር። «ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ እንገናኝ» አልኩት፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ቆየን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳዋ የታክሲ ሰልፍ ነበረች፤ ረድፉ ተጠማዝዞ አስፋልቱ ድረስ ደርሷል። ሦስት ሰዓት ሲሆን የጉልት ነጋዴዎች ሽንኩርትና ቃሪያ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ደረደሩ። ዝናቡ ጋብ ሲል ልጆች በአራት ድንጋይ ሁለት ጎል ሠርተው ኳስ ጀመሩ። ሲመሻሽ የበቆሎ ጥብስ ጭስ ወጣ። በዚያው ሳምንት ሰው ሞቶ የእድሩ ድንኳን ተተከለና ሰፈሩ በሙሉ ሐዘንተኞቹን ይዞ እዚያ ተቀመጠ። በጥቅምት በርበሬ ይሰጣባታል፤ በፋሲካ ዋዜማ በግ ይሸጥባታል።

ልጁ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያች ሜዳ ኳስ ተጫውቶ ያደገ ነው። ወረቀት ላይ ሲያያት ግን ባዶ ሆነችበት። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ቃሉ የገዛ ዓይናችንን ያጠፋል። ቦታው «ባዶ» ከተባለ የሚማከር ሰው የለም፣ የሚካስ ሰው የለም፣ ተለዋጭ ቦታ የሚፈለግለት ሰው የለም። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ፏፏቴው ከተሠራ በኋላ የት እንደምትቀመጥ ያላሳየ ሥዕል አላለቀም፤ አልቀበለውም።

ያ ተማሪ እንደገና ነደፈ። ለጉልቱ ጣሪያ፣ ለታክሲ ተሳፋሪዎች መጠለያ፣ ከመሬቱ በታች ጥሩ የውሃ መውረጃ አደረገ። በድንጋይ ንጣፉ ላይ ደግሞ የድንኳን ምሰሶ የሚቆምባቸው ክዳን ያላቸው ቀዳዳዎች ተወ። ያን ቀን እጁን ጨብጬዋለሁ።

ቤት ብቻ መንደፍ

ኮንዶሚኒየም ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል። የነደፉትም ሰዎች አስበውበታል፤ እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት በየግቢው አስቀምጠዋል። ነገር ግን ከመሃል ከተማ ተነስቶ ከተማው ዳርቻ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ የገባ ቤተሰብ ዱቤ የሚሰጠውን ባለ ሱቅ፣ ልጁን የምትጠብቅለትን ጎረቤት፣ በእግር የሚደርስበትን ሥራ ትቶ ሄዷል። ሰው የሚዛወርበት ንድፍ ስታመጡ ጎረቤታሞች አብረው የሚዛወሩበትን መንገድ ጨምራችሁ አምጡ።

መስመር አስምሮ ማዶውን መርሳት

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል። ከአያት ማልዶ ለሚወጣ ሠራተኛ ምን ያህል እንደረዳው አውቃለሁ። በመሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ ግን ግራና ቀኙ ታጥሯል፤ ፊት ለፊት ወደሚታይ ዳቦ ቤት ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚዞሩ አዛውንቶች አሉ። አዲስ መንገድም ይሁን የብስክሌት መስመር ስታሰምሩ፣ መጀመሪያ ቆማችሁ ሰዎች በየት በየት በኩል እንደሚሻገሩ ቁጠሩ።

አጭር የሆኑትን በአንድ ላይ ላንሳቸው። ዛፍ የምትነድፉ በሐምሌ ማን እንደሚተክለው ሳይሆን በጥር ማን እንደሚያጠጣው ጻፉ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ይህችን ከተማ ከማገዶ እጦት ያዳናት ብዙ እንክብካቤ ሳይሻ ቶሎ ስለሚያድግና ተቆርጦም መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ነው፤ እናንተ የምትነድፏቸው የጥላ ዛፎች እንደዚያ አይደሉም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ስታመጡ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆንና ውሃ በሚጠፋበት ቀን ምን እንደሚደረግ ንገሩኝ። መናፈሻችሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዋን የምታልፍ ሴት ሆናችሁ እዩት።

ትንሽ ነገር ማምጣት ያሳፍራል ብሎ ማሰብ

እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የምወደውን ንድፍ ያመጣችው በሰሜን ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች የአንዱ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሌሎቹ ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃ ሲዘረጉ እርሷ ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስትከፍተው ደረጃ ነው። ከቤታቸው እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን፣ በክረምት ሰው የሚንሸራተትበትን ቁልቁለት በእርምጃ ለክታ፣ በአንድ ጎኑ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ በሌላው የብረት መደገፊያ አድርጋለታለች። ጄሪካን የተሸከመ ሰው አውርዶ የሚተነፍስበት ሰፋ ያለ ማረፊያም አለው።

ማረፊያው ግን ደረጃው መካከል ላይ አልነበረም፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ቀረብ ብሏል። ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት።

«አያቴ ሁልጊዜ የሚቆሙት እዚያ ነው፤ የግንቡ ጥግ ነፋስ ይከላከልላቸዋል» አለችኝ።