የመሬት መንቀጥቀጥ ማንቂያ እንዴት ይሠራል? እኛስ እንዴት እንዘጋጅ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ይህ ትንበያ አይደለም። ነገ በዚህ ሰዓት መሬት ይንቀጠቀጣል ብሎ መናገር የሚችል መሣሪያ እስካሁን የለም። ማንቂያው የሚሠራው መንቀጥቀጡ ከተነሳ በኋላ ነው።

መሬት ከሥር ስትሰነጠቅ ሁለት ሞገዶች ይነሳሉ። ፒ የሚባለው በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ብዙም ጉዳት የለውም። ኤስ የሚባለው በሰከንድ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘ ከኋላ ይመጣል። ቤት የሚያፈርሰው በአብዛኛው እሱ ነው። ከመነሻው 100 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ ከሆነ ኤስ እናንተ ጋ ለመድረስ 29 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሴንሰሮች (የመሬትን ንዝረት የሚለዩ መሣሪያዎች) ፒን እስኪይዙ፣ ኮምፒውተር እስኪያሰላና መልእክቱ እስኪላክ የሚያልፈውን ጊዜ ቀንሱበት። የተረፈው የእናንተ ነው። መነሻው ቅርብ ከሆነ ግን ምንም ላይተርፍ ይችላል።

ሜክሲኮ ሲቲ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። መነሻው ሩቅ የባሕር ዳርቻ ሲሆን ከተማዋ አንድ ደቂቃ ገደማ ልታገኝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2017 ግን መነሻው ከከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቅ ነበርና ማንቂያው የጮኸው መንቀጥቀጡ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወይም ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያው ቀን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ሕዝቡ ዓመታዊውን ልምምድ አድርጎ ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱ ዛሬ ይጀመር። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የአደጋ ጊዜ መልእክት መብራቱን አረጋግጡ። ከዚያ በየክፍሉ ዞር ዞር በሉ። ጠንካራ ጠረጴዛ የቱ ነው? መስታወትና ሊወድቅ የሚችል ቁም ሳጥንስ? ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ከአልጋ በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለ አውርዱት።

ቀጥሎ ከልጆች ጋር ተለማመዱ። ማንቂያ ሲጮህ ቁልፍና ጫማ ፍለጋ የለም። በጉልበት ዝቅ ማለት፣ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጭንቅላትን መሸፈን፣ የጠረጴዛውን እግር ጭብጥ አድርጎ መያዝ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ትራስ በጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ። ወደ ውጭ አትሩጡ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሮጥና ዕቃ ሲወድቅበት ነው። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ከድልድይና ከኤሌክትሪክ ገመድ ርቃችሁ ቁሙ።

ይህ ለቤተሰብ ብቻ አይደለም። ማንቂያው በቀጥታ ከማሽን ጋር ሲገናኝ ባቡር ፍሬን ይይዛል፣ ሊፍት ቅርብ ፎቅ ላይ ቆሞ በሩን ይከፍታል። የትምህርት ቤት ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ከሆናችሁ ማን ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

መንቀጥቀጡ ሲያባራ ሊፍት አትጠቀሙ፤ ተከታይ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላልና። ባሕር ዳርቻ ከሆናችሁና መንቀጥቀጡ ጠንካራ ወይም ረጅም ከነበረ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሳትጠብቁ ወደ ከፍታ ውጡ።